ላልቶ የተነበበ ቃል

ፋብሪካው በሚሠራበት ዘመን የሰፈሩ ሕፃናት በማሽን ጩኸት ተኝተው በማሽን ጩኸት ይነቁ ነበር። ጩኸቱ ድንገት ቀጥ ሲል ነበር በየቤቱ ደንግጠው የሚያለቅሱት። አሁን ማሽኑ ቀጥ ካለ ቆይቷል፤ የሚያለቅስ ሕፃንም አልቀረም። ወላጅ ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ውሃና ሥራ አለ ወደተባለበት ሁሉ ሄዷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩ በየአቅጣጫው ተበትኖ አንዲት ክር ብቻዋን ስትቀር ምን እንደምታስር ግን የነገረን የለም።

የቀረችው ክር እትዬ ቋጠሮ ናት።

ቋጠሮ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ክር ማክረሪያ ክፍል ሳለች፣ ክር በተበጠሰ ቁጥር ሁለቱን ጫፍ በጣቷ ለቀም አድርጋ፣ አየሁ የሚል ሳያይ ትቋጥረው ነበርና ጓደኞቿ ያወጡላት ነው። ዕድሜዋ ገፋ ሲል «እትዬ» ተጨመረበት። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሯት የፋብሪካው ዘበኛ፣ አንድ ፀጉር አስተካካይና የመሠረተ ትምህርት መምህሯ ብቻ ናቸው። ሌላው ጠሪ ሁሉ አገር ለቋል።

ጣጣው የመጣው ከሰማይ ነው። ዝናብ ወቅቱን ማክበር ተወ። አንዴ ጭራሽ ይቀራል፤ አንዴ ደግሞ እንደ ሰከረ እንግዳ ያለ ጊዜው ደርሶ፣ በአንድ ቀን አፈሩንም ድልድዩንም ጠራርጎ ይሄዳል። ግድቡ ጎደለ። ግድቡ ሲሠራ ሰጥሞ የነበረው አሮጌ መንደር፣ የአጥሩ ካብ፣ የደጃፉ ድንጋይ፣ ከውሃው ሥር ብቅ አለ። ናፍጣ ቀድሞ ጠፍቶ ነበር፤ ውሃው ሲጎድል መብራቱም ተከተለው። ፋብሪካው መጀመሪያ የሌሊቱን ፈረቃ ተወ፤ ከዚያ የከሰዓቱን፤ በመጨረሻ የጠዋቱም ቀረ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ «ሥራ አለ። በትዕግሥት ጠብቁ።» የሚል ወረቀት ለጥፎ፣ ቤተሰቡን በመኪናው ጭኖ ሄደ።

«ድሮ በፈረቃ የምንገባው እኛ ነበርን፤ አሁን መብራቱ ራሱ ፈረቃ ገባ» ይላል ዘበኛው፣ በሩ ሥር ካለችው ዱካው ሳይነሣ። «ያውም እንደሱ ያለ ቀሪ አይቼ አላውቅም! እኛ ግማሽ ቀን ብንቀር ያባርሩን ነበር። እሱን ማን ይቆጣዋል?»

እትዬ ቋጠሮን ያስቀሯት ማሽኖቹ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ወደ ማክረሪያ ክፍሉ ትገባለች። የጣሪያው መስታወት በአቧራ ደንዝዟል፤ ብርሃኑ እንደ አሮጌ ሻሽ ደብዝዞ ይወርዳል። ማሽኖቹ በረድፍ በረድፍ ቆመዋል፤ በየማሽኑ ላይ እንዝርቶቹ እንደ ጥርስ ተደርድረዋል። ከአንዱ ጫፍ ትጀምርና እያንዳንዱን እንዝርት በጣቶቿ ይዛ ታዞረዋለች። ሲጥ ካለ ጠብታ ዘይት ትሰጠዋለች። ዝም ብሎ ከዞረ «ጎበዝ» ትለውና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። እንዝርት ካልዞረ ይዝጋል፤ ከዛገ ነክሶ ይይዛል፤ ነክሶ ከያዘ መብራት ቢመጣም እሺ አይልም። ስለዚህ መብራት ሊሠራው የሚገባውን ሥራ እትዬ ቋጠሮ በእጇ ትሠራለች። ክር ግን አይወጣም። እንዝርቱ ባዶውን ዞሮ ባዶውን ይቆማል።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ድሮ ሰው እርስ በርሱ የሚግባባው በምልክትና በከንፈር ነበር። ጩኸቱ ጆሮ ይበላል። የእትዬ ቋጠሮንም ግራ ጆሮ በልቶታል። አሁን ስትስል ሳሏ ከወዲያኛው ግድግዳ ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንዴ የሰው መስሏት ዞር ትላለች።

ከጎኗ ባለው ማሽን ላይ ትሠራ የነበረችው አንድያ ልጇ ናት። አስተምራት፣ አሠልጥናት፣ «ክር በእጅሽ ሳለ ቤት ቢቃጠል እንኳ እንዳትዞሪ፤ መጀመሪያ ቋጥሪ» እያለች ያሳደገቻት። ፋብሪካው ሲዘጋ ወጣቶቹ ወደ ደጋው ከተማ ተሰበሰቡ። እዚያ ገና ያልደረቀ ወንዝ አለ፤ ወንዙ የሚያዞረው ትንሽ ክር ቤት ተከፍቷል። ልጅቷም ቦርሳዋን አዘጋጀች፤ የእናቷንም ጭምር።

«እማ፣ አብረን እንሂድ። እዚያ ሰው ይፈልጋሉ። እጅሽን ሲያዩ በደስታ ነው የሚቀበሉሽ።»

«ማሽኑን ማን ያዞረዋል?»

«የማይሠራ ማሽን እኮ ነው!»

«የሚሠራማ ራሱ ይዞራል፣ የኔ ልጅ። ሰው የሚያስፈልገው የማይሠራው ነው።»

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እናቷ እንዳልቀለደች ገባትና ፊቷ ተለወጠ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። «አንቺ እኮ አትሰሚም! ድሮም አትሰሚም!» አለች፣ የእናቷን ቦርሳ ከመሬት አንሥታ እያስታቀፈቻት።

«አዎ አልሰማም! ጆሮዬን ማሽን በልቶታል!»

ነገሩ ከረረ። ክር ሲከር መጨረሻው ምን እንደሆነ ከእትዬ ቋጠሮ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን የገዛ አፏን እንደ ማሽን በቁልፍ ማቆም አልቻለችም። አውቶቡሱ ሄደ። እሷም የታቀፈችውን ቦርሳ ይዛ ቤቷ ገባች። ቦርሳውን እስካሁን አልፈታችውም።

ፊደል መቁጠር የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። የመብራቱ ፈረቃ ከሰፈር ሰፈር፣ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ እዚህ ሲመጣ እዚያ ይሄዳል። መብራት ከሌለ የስልኩ ማማ አይሠራም። ልጅ ስትደውል እናት ጨለማ ውስጥ ናት፤ እናት ስትደውል ልጅ ጨለማ ውስጥ ናት። መልእክት ግን ቢዘገይም ይደርሳል አሏት። ይደርሳል፤ ማን ያነብላታል? የልጇን ቃል ፀጉር አስተካካዩ ያንብብላት? እሱስ መቼ ማንበብ ይችላል!

እናም ተመዘገበች። ትምህርቱ የሚሰጠው ከቀትር በኋላ በፋብሪካው የምግብ አዳራሽ ነው። መምህሯ የፋብሪካው ሕፃናት ማቆያ ሞግዚት የነበረች ወጣት ናት። ሕፃናቱ ሲያልቁባት ወደ ትልልቆቹ ዞረች፤ አሁንም ተማሪ ሲጎብዝ «ጭብጨባ!» ማለቱን አልተወችም። ተማሪዎቿ ሦስት ናቸው፤ እትዬ ቋጠሮ፣ ዘበኛውና ፀጉር አስተካካዩ። ፀጉር አስተካካዩ «ሰው ከነራሱ ሄዶብኝ እንጂ እኔ ፊደል ምን ያደርግልኛል» ይላል። ግን አይቀርም። የሚቀርበት ሌላ ቦታ የለውማ።

ትምህርት በሌለበት አንድ ከሰዓት እትዬ ቋጠሮ ቤቷ ቁጭ ብላ ሳለ አምፖሉ ቦግ አለ። አምፖሉን ዘወትር እንደበራ ነው የምትተወው፤ የመብራቱን መምጣት እንዲነግራት። ዘላ ተነሥታ ስልኩን ሰካች። ብዙም ሳይቆይ ጮኸ።

«ሃሎ! ልጄ! ሃሎ! አንቺ ነሽ? በላሽ? ይበርዳል እንዴ አገሩ?»

ከወዲያ በኩል ዘይት እንዳጣ እንዝርት ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ መጣ። በመሃሉ «…ማ! እ…» የሚል ተሰማት። ስልኩን ወደ ደህናው ጆሮዋ አዛወረች፤ ጮኸች፤ በሩን ከፍታ ደጅ ወጥታ ጮኸች። ተቋረጠ። ደግሞ ጮኸ፤ ደግሞ ተቋረጠ። ከዚያ ስልኩ በእጇ ላይ ነዘር ነዘር አለና መልእክት ገባ።

ሁለት እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች፤ ፊደሉ የሚቆሽሽ ይመስል። በጣቷ ሥር ሥሩን እየሄደች ጀመረች።

«እ… ማ። እማ። አ… ት… ሰ… ሚ… ም።»

«እማ አትሰሚም። በቃ ተይው።» ይላል።

መጀመሪያ የመጣው ደስታ ነበር። ማንም ሳይረዳት፣ ማንም ሳይሰማባት፣ የልጇን ቃል በገዛ ዓይኗ ለቅማ አገኘችው። «ጭብጨባ!» አለች ብቻዋን። ከመብረቁ ኋላ ነጎድጓዱ እንደሚመጣ፣ ትርጉሙ ቆየት ብሎ ደረሰ። አትሰሚም። በቃ ተይው። የአውቶቡሱ ጥሩምባ፣ የቦርሳው መታቀፍ፣ የልጅቷ ፊት፣ ሁሉም ተመልሶ መጣ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ቆይታ፣ ያንኑ ቃል መልሳ ላከችባት። ለዚህ ኖሯል ፊደል የቆጠረችው!

«ካልሰማሁ አልሰማሁ!» አለች ለአምፖሉ። ስልኩን አጠፋችና ሣጥን ውስጥ፣ ከልብሷ ሥር ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሲነጉድ አይታወቅም ነበር፤ ሁሉም ቀን አንድ መልክ አለው። ጠዋት እንዝርት፣ ከሰዓት ፊደል፣ ማምሻ ግድግዳ። ቆማ መብላት ለመደች፤ ለአንድ ሰው ማዕድ ማቅረብ ያሳፍራል። ሻይ ስታፈላ እጇ ሳያማክራት ሁለት ብርጭቆ ያወርዳል፤ አንዱን መልሳ ትሰቅላለች። በግራና በቀኝ ያሉት ጎረቤቶቿ በሮቻቸውን በሽቦ አስረው ነው የሄዱት፤ ነፋስ ሲነሣ ሽቦው ይንቋቋል፤ እሷም «ማነው?» ትላለች። መልስ እንደሌለ እያወቀች። ዝም ማለቱ ከመጠየቁ ይብስባት ነበር።

እንዝርቶቹን ማዞር አላቋረጠችም። እንዲያውም ባሰባት። ወሬ ትነግራቸው ጀመር። «እናንተስ ትሰማላችሁ፤ እናንተን የወለደ አይቆጭም» ትላቸዋለች። አንድ ቀን አንዱ እንዝርት ነክሶ ይዞ አገኘችው። ዘይት ሰጠችው፤ ጠበቀችው፤ እጇ እስኪላጥ ታገለችው። እምቢ አለ። በየቀኑ ስታዞረው የነበረ እንዝርት ነው። ሳይነካ የዛገ ቢሆን ባልከፋት። አጠገቡ ቁጭ ብላ በአዳራሹ መሃል አለቀሰች፤ ልቅሶዋም እንደ ሳሏ ከወዲያኛው ግድግዳ ተመለሰላት።

ወዲያው በዚያ ሳምንት ዘበኛው ወሬ ይዞ መጣ። «ሰምተሻል እትዬ ቋጠሮ? ቅዳሜ ወደ ደጋ የሚሄደው አውቶቡስ የመጨረሻው ነው አሉ። ሾፌሩ በርሜሉን አንኳኩቶ አሳይቶኛል፤ እንደ ከበሮ ይጮሃል። ነዳጅ እስኪገኝ አይመለስም።»

«መቼ ይገኛል?»

«እሱንማ መብራቱን ጠይቂው፤ አንድ ላይ ነው የጠፉት።»

እትዬ ቋጠሮ ጨርቋን አንሥታ ወደ እንዝርቶቹ ተመለሰች። «በቃ ተይው» ወደተባለችበት ቤት ምን ፊት ይዛ ትሄዳለች?

በማግሥቱ ከሰዓት መምህሯ ሰሌዳው ላይ ሁለት ፊደል ብቻ ጻፈች። «አለ» ይላል። ዘበኛው እንዲያነብ ተጠራ።

«አለ» አለ ዘበኛው። ሰው ወሬ ሲጀምር «እገሌ እንዲህ አለ» እንደሚለው አድርጎ።

«ልክ ነዎት። አሁን እርስዎ ያንብቡት» አለችው ፀጉር አስተካካዩን።

«አለ» አለ እሱም፤ «ውሃ አለ? አዎ፣ አለ» እንደሚባለው።

«እርስዎም ልክ ነዎት።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። «ሁለታችንም ልክ ከሆንን እንግዲህ አንዳችን ዋሽተናል» አለ ዘበኛው።

መምህሯ ሳቀች። «ፊደሉ አንድ ነው፤ ቃሉ ግን ሁለት። ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን መላላቱንና መጥበቁን አያሳይም።»

ፀጉር አስተካካዩ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ገባኝ! ገባኝ! ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ የለጠፈው እኮ ይሄ ነው! እኛ ሥራ አለ ብለን አጥብቀን አንብበን እንጠብቃለን፤ ሰውየው ለካ አላልቶ ነው የጻፈው! ሥራ አለ፤ አለና ሄደ!»

ዘበኛው እስኪያስለው ሳቀ። መምህሯም አፏን በጠመኔ እጇ ሸፍና ሳቀች፤ ከንፈሯ ነጣ። እትዬ ቋጠሮ ብቻ አልሳቀችም። ጠብቆና ላልቶ። እነዚህን ሁለት ቃላት ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራባቸው ኖራለች። ላልቶ የከረረ ክር ሲጎትቱት ይፍረከረካል፤ ጠብቆ የከረረ ይይዛል፤ ሁለቱን ግን በዓይን ብቻ አትለያቸውም፤ በጣትሽ ይዘሽ ሳብ ማድረግ አለብሽ።

«መምህር» አለች፣ እጇን እንደ ሕፃን አውጥታ። «አትሰሚም… እሱስ?»

መምህሯ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። አትሰሚም። እትዬ ቋጠሮ በዚያ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ስታየው ገመናዋ የተሰጣ መሰላት።

«ጥሩ ቃል አመጡ፣ እትዬ። ላልቶ ሲነበብ፣ ምክር አትሰሚም፣ እልኸኛ ነሽ እንደማለት ነው።» መምህሯ ቀጥላ «ሰ» እና «ሚ» ላይ በጠመኔዋ መታ መታ አደረገች። «ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ፣ አትሰሚም፤ ድምፅሽ አይሰማም፣ አይደርሰኝም ማለት ነው። ስልክ ሲበላሽ እንደምንለው።»

እትዬ ቋጠሮ ተነሥታ ወደ ሰሌዳው ተጠጋች።

«ምልክት የለውም? ይሄ ላልቷል፣ ይሄ ጠብቋል የሚል?»

«ድሮ ነጥብ ከላይ የሚያደርጉ ነበሩ ይባላል። አሁን ማንም አያደርግም። ስልክ ላይማ ጭራሽ የለም። የሚያጠብቀውም የሚያላላውም አንባቢው ነው።»

«አንባቢውስ በምን ያውቃል?»

«ከጎኑ ካሉት ቃላት። ካልሆነም የጻፈውን ሰው ይጠይቃል።»

«ሰውየው ከጎኑ ከሌለስ?»

መምህሯ ወደ ሰሌዳው ዞራ ቃሉን ታጠፋ ጀመር። የእሷም እጮኛ ከሄዱት ጋር ሄዷል፤ ሁሉም ያውቃል።

እትዬ ቋጠሮ ቤቷ ስትገባ ቀጥታ ወደ ሣጥኑ ሄደች። ስልኩን አበራችው። ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ መብራት የለም። መልእክቱን አወጣችና ወደ መስኮቱ ተጠጋች። መጀመሪያ አላልታ ጮክ ብላ አነበበችው። እማ አትሰሚም፤ በቃ ተይው። ልጅቷ ፊቷን አዙራ ስትሄድ ታየቻት። ቀጥላ አጥብቃ አነበበችው። እማ አትሰሚም፤ በቃ ተይው፤ አትጩኺ፣ ጉሮሮሽን አትጉጂ። አሁን ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ እናቷ ደጅ ወጥታ ስትጮህ በሐሳቧ እያየች፣ አዝና ስትጽፍ ታየቻት።

ሁለቱም ይገጥማል። ችግሩ ይሄ ነው። ከጎኑ ያሉት ቃላት ለሁለቱም እኩል ያገለግላሉ፤ እንደ አደራዳሪ ሽማግሌ አይዋሹም፣ እውነቱንም አያወጡም። እትዬ ቋጠሮ ስለ አንድ ነገር ብቻ እርግጠኛ ነበረች፤ ያን ቀን ቃሉን ያላላችው ልጅቷ ሳትሆን እሷ ናት። ጆሮዋ ውስጥ ላልቶ የቀረ ቃል ነበርና በዚያው አነበበችው።

ደወለች። ማማው መብራት የለውም፤ ስልኩ ድምፅ እንኳ አላወጣም። እንግዲያው እጽፋለሁ አለች። በሕይወቷ ጽፋ አታውቅም፤ አንድ ፊደል ለመፈለግ ሁሉንም ፊደል መጎብኘት ነበረባት። «እሰማለሁ» ብላ ጻፈች። መልሳ ስታነበው ግን ሳቋ አመለጣት። ይሄም ሁለት ነው! ላልቶ ሲነበብ እሺ፣ ምክርሽን እሰማለሁ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ድምፄ ይሰማል፣ ይደርሳል ነው። የቱን ነው ያለችው? ትንሽ አሰበችና ሁለቱንም መሆኑ ገባት። ከሥሩ ጨመረችበት፦ «አንቺም ስትጽፊ ጠበቅ አድርጊው»። ክር ማክረሪያ ላይ ስታስተምራት ትላት የነበረውን ቃል ነው። ልጅቷ ይሄን ቃል ካየች ትስቃለች፤ እርግጠኛ ነበረች።

ተጫነችው። ስልኩ ትንሽ ዞረ፣ ዞረና «አልተላከም» አለ። ደግማ ተጫነችው። አልተላከም። ደግማ ልትጫነው ስትል መስታወቱ ጠቆረ። በጥቁሩ መስታወት ላይ የገዛ ፊቷ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ማንም የሌለበት ቤት ውስጥ ያለው ብቸኛ ፊት።

ቅዳሜ ጠዋት ማክረሪያ ክፍሉ ገባች። አንዱንም ሳታልፍ እያንዳንዱን እንዝርት አዞረች፤ ነክሶ የያዘውንም ነካችው፤ አልዞረም፤ ነካ አድርጋው አለፈች። ከዚያ የዘይት ጣሳዋንና ጨርቋን ይዛ ወደ በሩ ወጣች። ያ ያልተፈታ ቦርሳ በትከሻዋ ነው።

ዘበኛው ቦርሳውን አየ። ከዱካው ተነሣ፤ እሱ ደግሞ አለቃ ሲመጣ እንኳ የማይነሣ ሰው ነው።

«ልትሄጂ ነው።»

«ልሄድ ነው፣ ወንድሜ። ይሄን ያዝልኝ።» ጣሳውን ሰጠችው።

«እኔ? ይሄን ጣት አይተሽ ነው? ዱላ ለመያዝ እንጂ እንዝርት ለማዞር የተፈጠረ አይደለም።»

«ወፍራምም ቢሆን ያዞራል።»

«መብራት ቢመጣስ?»

«ቢመጣ ይዘህ አቆየው፤ እንዳይሄድ።»

ዘበኛው ሊስቅ ጀመረና አልጨረሰውም። ጣሳውን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጠው። «እኔ እንግዲህ ከማን ጋር ላወራ ነው?»

እትዬ ቋጠሮ ለዚህ ብቻ መልስ በእጇ ነበራት፤ በብዙ ዋጋ የተገኘ። «ለእንዝርቶቹ አውራላቸው። ግድግዳው ይመልስልሃል። ከምንም ይሻላል።» ዞር ብላ ሳታየው ሄደች፤ ብታየው እንደማትሄድ ታውቃለች።

አውቶቡሱ በግድቡ ዳር አለፈ። ከውሃው የወጣው አሮጌ መንደር ካቡ ደርቆ፣ በየደጃፉ ሣር አብቅሎ ነበር። የሰው ቤት ነበር፤ ሰው አስለቅቀው በውሃ ሸፈኑት፤ ውሃው መብራት ሆነ፤ መብራቱ ፋብሪካ ሆነ፤ ፋብሪካው የእሷን ዕድሜ ሆነ። አሁን ውሃው ሲሄድ ደጃፉ ተመልሶ መጥቷል፤ የሚገባበት ሰው ግን የለም። ፊቷን ወደ ፊት መለሰች። በመንገዱ ሁሉ ከንፈሯ ሥር «አትሰሚም» እያለች ሄደች፤ አንዴ አላልታ፣ አንዴ አጥብቃ። ከጎኗ የተቀመጡት ሰውዬ «ምን አሉኝ እናቴ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቋት።

ክር ቤቱን ለማግኘት ሰው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ድምፁ መራት። ከሩቅ፣ ከወንዙ በኩል፣ ያ የምታውቀው ጩኸት መጣ፤ ቀጠን ያለ፣ እንጨት እንጨት የሚል፣ ግን ያው። ደረቷ ውስጥ የቆመ ነገር መዞር ጀመረ። ወንዙ እንዳወሩት አልነበረም፤ ድንጋዩን ገና የሸፈነ ቀጭን ውሃ ነው። መንኮራኩሩን ያዞራል፤ ግን ከማሽኖቹ ግማሾቹን ብቻ። ሌሎቹ ተራ እየጠበቁ ቆመዋል። እዚህም ፈረቃ አለ ማለት ነው።

በሩ ክፍት ነበር። ልጇ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ፀጉሯን በጨርቅ ጠቅልላለች፤ ከስታለች። ክር ተበጥሶባት ሁለቱን ጫፍ እያሳደደች ነው።

«ልጄ!» አለች እትዬ ቋጠሮ።

ጩኸቱ ዋጠው።

«የኔ ልጅ!»

የልጅቷ አንገት ትንሽ ነቃ አለ፤ የሴት ድምፅ መሆኑ ብቻ ደርሷታል። የሥራ ጓደኛዋ መስላት ይሆናል። ክር በእጇ ነውና አልዞረችም። ክር በእጅ ሳለ አይዞርም፤ ይሄን ያስተማረቻት እናቷ ናት። ጭንቅላቷን ሳታነሣ ወደ ኋላዋ ጮኸች፦

«አትሰሚም! ቀረብ በይ!»

ጠብቆ ነበር። «ሰ» ጠብቋል፤ «ሚ» ጠብቋል። በዚያች አፍ፣ በዚያች ድምፅ፣ ያለ ቁጣ፣ ያለ ቂም፣ ሥራ እንደያዘ ሰው ጠብቆ። ያን ቀን በስልክም እንዲሁ ጠብቆ እንደነበር ምንም ማስረጃ የለም። እትዬ ቋጠሮ ግን ሌላ አላስፈለጋትም።

እግሯ ወዲያው አልተነሣም። አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ መስማት ፈለገች። እናም ሆን ብላ፣ ከጩኸቱ ሥር፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ «ልጄ» አለች።

«አትሰሚም እኮ ነው የምልሽ!» አለች ልጅቷ፣ የሚቀርባት ስታጣ ክሩን ቋጥራ እየዞረች።